ወደ ኢተያ የሚሄደው ፋክስ

"ሀሎ! አለህ? አለህ አይደል?"

ሶረቲ የቢሮውን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ ዘጋችና የፋክሱን ድምፅ ከፍ አደረገች። ማሽኑ "ጢት" አለ። ዝም አለ። እንደገና "ጢት" አለ። በመሀሉ ከወዲያ ማዶ ስልኩን ያነሱ የአንዲት አሮጊት ትንፋሽ ይሰማል፤ ስልኩ ሳይዘጋ ለመድረስ ተቻኩለው እንደመጡ ያስታውቃል።

"እንደምን አደርክ የኔ ልጅ? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ ጉሙ አጥሩን ውጦታል። አሰፋች ከደጅ ቆማ ስትጣራ ድምጿን እንጂ እሷን አላየኋትም። ጉም ይሁን የኔ ዓይን ይሁን በምን ልወቅ? 'ጉም አለ እንዴ?' ብዬ ጠይቄ ነው የተረዳሁት።" ሳቁ። "ቀይዋ ዶሮ አልጋዬ ሥር ፈልፍላለች። እህትህ ፀዲ አስወጫት ትለኛለች። አራስ እንዴት ከቤት ትወጣለች?"

"ጢት" አለ ማሽኑ።

"አዎ፣ እኔም እሱን ነው የምላት።"

ሶረቲ ሳታስበው ፈገግ አለች። በመስኮቱ በኩል የአሰላ ዋና መንገድ አይታይም። ጭላሎ ጉሙን ወደ ከተማው ለቆታል፤ ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጠዋት ቢሮው ከምድር ተነስቶ የሆነ ቦታ የተንሳፈፈ ይመስላታል፤ ከታች ካለው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የዚህች ሴት ድምፅ ብቻ ነው።

"በል እንዳይዘጉብህ ቶሎ ልንገርህ። ዛሬ አዳማ ሊወስዱኝ ነው። የዓይን ሐኪሞቹ መጥተዋል። ፀዲ ከምሳ በኋላ የሚመጣ መኪና ተነጋግራለች። ሐኪሙ 'የአንዱ ዓይን ነገር አብቅቷል፣ ሁለተኛው ዘንድሮ ካልተሠራ ከዚያ በኋላ አልነካውም' ብሏታል። አይንካው! አልሄድም ብያታለሁ። እዚያ ዓይኔን አስረው ሲያስተኙኝ አንተ ብትደውልስ? ማን ያነሳልሃል? የሌላ ሰው ድምፅ ከሰማህ ትዘጋለህ፣ አውቅሃለሁ። አይዞህ፣ ከዚህ ስልክ አጠገብ ንቅንቅ..."

ማሽኑ ትዕግሥት አልፈጠረበትም። ጠቅ ብሎ ዘጋና ከሆዱ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አወጣ። መልእክቱ አልተላለፈም ትላለች።

ሌላ ቀን ቢሆን ሶረቲ ወረቀቷን ጨምድዳ ጥላ፣ የሰማችውን ወሬ ከሻይዋ ጋር ቀስ እያለች እያጣጣመች ቀኗን ትጀምር ነበር። ዛሬ ግን ወንበር ስባ ቁጭ አለች። አንዲት እናት በእሷ ምክንያት ዓይናቸውን ሊያጡ ነው።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። መብረቅ የገበሬዎች ማኅበራት ዩኒየኑን የድሮ ፋክስ አቃጠለውና ሥራ አስኪያጁ አቶ ነገሳ ማንም የማይፈልገውን ሌላ አሮጌ ማሽን ፈልገው አመጡ። የሦስቱን መጋዘኖች ቁጥር የሞላችው ሶረቲ ናት። የአርቦዬውን በትክክል ሞላች፤ የኦጎልቾውንም እንዲሁ። የኢተያው መጋዘን ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ አንዲት ቁጥር ሳተ። ስህተቱን የሚያስተውል አልተገኘም፤ ምክንያቱም የዕለቱን የስንዴ ዋጋ ለመጋዘኖቹ ሁሉ በቴሌግራም ፎቶ አንስታ ትልካለች፣ ሰዎቹም የሚያዩት እሱን ነው። ፋክሱ የሚላከው ለአቶ ነገሳ ልብ ሲባል ነው። ሰውየው ፊርማቸውና ማህተማቸው ያረፈበት ወረቀት በሽቦ ካልሄደ ስንዴው ራሱ ዋጋ ያለው አይመስላቸውም።

የመጀመሪያው ቀን ከማሽኑ ውስጥ "በእውቀቱ! አንተ ነህ?" የሚል ድምፅ ሲወጣ ሶረቲ ደነገጠች። ሥራው ሲያልቅ ላስተካክለው አለች። በማግስቱም ላስተካክለው አለች። ከዚያ በኋላ ማለቱንም ተወችው።

በየጠዋቱ ከምትሰማው ቁርጥራጭ ነገሩን ገጣጠመችው። ሴትዮዋ እማማ ተናኘወርቅ ይባላሉ። በእውቀቱ ታናሽ ልጃቸው ነው። ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ወጥቶ የመን ዳርቻ ላይ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ድሮ ተማሪ ሳለ ሒሳብ እንዳይቆጥርበት አንድ ጊዜ አስጠርቶ ከዘጋ "ደህና ደርሻለሁ" ማለቱ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ካስጠራ "ደውሉልኝ"። በዚህ አገር በሚስኮል ያልተነጋገረ ማን አለ? ስለዚህ አንድ ጠዋት የቤቱ ስልክ ጮሆ፣ ሲያነሱት ቃል ሳይኖረው ጢት፣ ጢት ብቻ ሲል እናቱ ወዲያው ገባቸው። ልጃቸውን መናገር የማይፈቀድበት ቦታ ዘግተውበታል፤ እሱም በምልክት "አለሁ" እያላቸው ነው። ሞባይሉን ቢቀሙትም የዚህን ቤት ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። ፀዲ፣ ትልቋ ልጃቸው፣ አንድ ቀን አንስታ ሰማችና "የኔትወርክ ችግር ነው እማዬ" አለቻቸው። ኔትወርክ ሲባል ያመኑት ነገር የለም፤ ይህንንም አላመኑም።

ሶረቲ ለምን ዝም አለች? እናቷ ጠጂቱ ካረፈች ዓመት አልሞላም። ጠጂቱ በየጠዋቱ ልጇ ፀጉሯን ስታበጥር አጠገቧ ተቀምጣ ሕልሟን፣ የጎረቤቱን ጥጃ፣ የዝናቡን ነገር በኦሮምኛ ታወራላት ነበር። ያኔ ሶረቲ በግማሽ ጆሮዋ ነበር የምትሰማት፤ አንዳንዴም "ማሎ፣ እባክሽ፣ ረፈደብኝ" ትላት ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ የሚናፍቀው ምክሩ አይደለም፤ ይህቺ ለምንም የማትጠቅም ወሬው ናት። ከማሽኑ የሚወጣው ድምፅ ቋንቋው ሌላ ነው፣ ሃይማኖቱም ሌላ ነው፤ ግን ወሬው ያው ወሬ ነው። ለሌላ ልጅ የተላከውን ለራሷ ወሰደችው። ይህን ሌብነት ብላ ነው የምትጠራው፣ በልቧ። ብትጠራውም አልተወችውም።

አቶ ነገሳ ጉሙን ከኮታቸው ላይ እያራገፉ ገቡ።

"ሄደ?" አሏት፣ እንደ ሰላምታ።

"ሄዷል ጋሼ" አለች ሶረቲ።

"ሦስቱም ጋ?"

"ሦስቱም ጋ።"

ደስ አላቸው። ማሽኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። "እነዚህ ልጆች በስልካቸው ፎቶ ይላላካሉ። ፎቶ ምንድነው? አንዱ ያጠቁረዋል፣ አንዱ ያነጣዋል። ፋክስ ሙሉ ስሙ ፋክሲሚሊ ነው፤ ላቲን ነው። 'ተመሳሳዩን አድርግ' ማለት ነው። ድሮ ሊቃውንቱ አንድን ብራና ጭረቱ፣ የቀለሙ ጠብታ፣ ትል የበላው ቀዳዳ ሳይቀር እንዳለ ሲያስገለብጡ ያንን ነበር ፋክሲሚሊ የሚሉት። ማሳመር የለም፣ መጨመር የለም። እንዳለ!"

ይህን ንግግር ሶረቲ በቃሏ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ጠየቀች።

"ዋናው ግን እዚህ ይቀራል፣ አይደል?"

"ይቀራል እንጂ። እዚያ የሚደርሰው መልኩ ነው።"

"የሚቀበለው ሰው መልኩን ዋናው አድርጎ ቢይዘውስ?"

አቶ ነገሳ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ፊትሽ ልክ አይደለም። አሞሻል?"

"አላመመኝም። የኢተያው መስመር አልጣመኝም፤ ሄጄ ልየው።"

"ለዚህ ብለሽ ኢተያ ድረስ?" አሉና ወዲያው ራሳቸው መለሱ፤ "ሂጂ፣ ሂጂ። ሥራውን የሚወድ ሰው እንዲህ ነው።"

ይህቺ ምርቃት ከስድብ ይልቅ አመመቻት። ቦርሳዋን አንስታ ማሽኑ ጋ ቆመች። አንዲት ቁጥር ናት፤ ተጭኖ ማስተካከል ይቻላል። ከነገ ጀምሮ የእማማ ስልክ አይጮህም። ከዚያስ? እናት ከስልኩ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ስልኩ ዝም ባለ ቁጥር ልጄን ገደሉት ይላሉ። አዳማ መሄድ ይቅርና እህል አይቀምሱም። ቁጥሩን ሳትነካው ወጣች።

ሚኒባሱ ከአሰላ ቁልቁል ሲወርድ ጉሙ አብሮ ወረደ። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ይነዳል። በግራና በቀኝ የስንዴው ማሳ አንዴ ብቅ፣ አንዴ ጥልቅ ይላል፤ አንድ በሬ ከአንገቱ በላይ ብቻ ታየና ተሰወረ። ሶረቲ የምትናገረውን አስቀድማ ልታሰናዳ ሞከረች። በአማርኛ ስትጀምረው የፍርድ ቤት ንግግር ይሆንባታል፤ በኦሮምኛ ስትጀምረው ያስለቅሳታል። የመስኮቱ መስተዋት ግንባሯን አቀዘቀዘው፤ የሞተሩ ድምፅ እያባበለ ወሰዳት።

በእንቅልፏ ከፋክሱ ወረቀት ይወጣ ነበር። ነጭ፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ ማለቂያ የሌለው ወረቀት። ከቢሮው በር ወጥቶ በአስፋልቱ ላይ ተዘረጋ፣ ስንዴውን ለሁለት ከፍሎ ወደ ታች ሄደ። እናቷ ጠጂቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ በላዩ ላይ ትራመድ ነበር። ዳናዋ ወረቀቱ ላይ እየቀረ ነው። ሶረቲ ልትከተላት ፈለገች፤ ግን ዳናውን ላለመርገጥ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች። "እናቴ፣ ቆይኝ" ለማለት አፏን ስትከፍት ረዳቱ "ኢተያ ወራጅ!" አለ።

ጉሙ እዚህ ሳስቷል። ከጎተራዎቹ ፊት ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች በደብዛዛ ፀሐይ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ሶረቲ አንድ ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ ሚልኬሳ የሚባል ነው፤ ስሙን በትልቁ መስተዋቱ ላይ ጽፎታል።

"የቤት ስልክ ያላቸው እናት ቤት ታውቃለህ? ተናኘወርቅ የሚባሉ።"

"የስልኳን እናት ኢተያ ውስጥ የማያውቅ አለ እንዴ?" አለ ሚልኬሳ። "ድሮ ሰፈሩ ሁሉ የሚደወልለት እሳቸው ቤት ነበር። እኔንም ወንድሜ ከአዋሳ ሲደውልልኝ 'ሚልኬሳ!' ብለው ከዚያ ማዶ ይጠሩኝ ነበር። ዘመድ ነሽ?"

"አይደለሁም።" አሰበችና፣ "አላውቅም" አለች።

ሚልኬሳ በመስተዋቱ ሰረቅ አድርጎ አያት፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም።

በሩን የከፈተችው ፀዲ ናት። ጠንካራ ፊት ያላት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት። አንድ የተሞላ ሻንጣ ከበሩ ሥር ቆሟል። ከኋላዋ፣ ከሳሎኑ ጥግ፣ እማማ ተናኘወርቅ ዳንቴል በለበሰች ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛዋ ላይ ግራጫ ስልክ አለ። ሴትዮዋ ሶረቲ በሐሳቧ ከሳለቻቸው ያነሱ ናቸው፤ ድምፃቸው ከአካላቸው ይበልጣል።

"ማናት?" አሉ።

ሶረቲ ቆማ ቀረች። በማሽኑ በኩል የለመደችው ድምፅ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰማችው፤ ሙቀቱም ስንጥቁም ተጨምሮበት። እንባዋ መጣ።

"ከአሰላ ነው የመጣሁት እማማ። ከዩኒየን።"

"የስንዴ ጉዳይ ከሆነ እኛ ስንዴ የለንም። ያለን ዶሮ ነው፣ እሷም አራስ ናት።"

"አውቃለሁ" አለች ሶረቲ፣ ሳታስበው።

ፀዲ ቅንድቧን ሰበሰበች። "ምኑን ነው የምታውቂው?"

ሶረቲ ወደ ውስጥ ገብታ እማማ እግር ሥር ተንበረከከች። ያሰናዳችው ንግግር በሁለቱም ቋንቋ ጠፍቶባታል።

"እማማ፣ ጠዋት ጠዋት የሚደወለው ስልክ... ያ ጢት የሚለው..."

የእማማ ፊት በራ። እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ዳበሱና ትከሻዋን ያዙት። "ደረሳችሁበት? ከየት እንደሚደውል ታወቀ? ፀዲ! ሰማሽ? አላልኩሽም? እመብርሃን የተመሰገንሽ ሁኚ! የት ነው? ይበላል? ይጠጣል?"

ፀዲ ሶረቲን በክንዷ ስባ ወደ ጓዳው በር ወሰደቻት። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ምን ልትዪ እንደመጣሽ አላውቅም። ግን ስሚኝ። መኪናው ሊመጣ ነው። አንድ ቃል ብቻ በያት። 'በእውቀቱ ሂጂ ብሏል' በያት። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እወጣዋለሁ።"

"ውሸት ነው እኮ።"

"ዓይኗን የሚያድን እውነት ካለሽ እሱን ስጪኝ" አለች ፀዲ። "እኔ እኮ ስንት ቀን ለመንኳት! እግሯ ሥር ወድቄ ነው የለመንኳት።"

ሶረቲ ልትዋሽ ወሰነች። እውነቱን ለመናገር ብዙ ቃል ያስፈልጋል፣ ለመዋሸት ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፤ በዚያ ላይ ለበጎ ነው። ተመልሳ ተንበረከከች።

"እማማ፣ ልጅዎ..."

"ቆይ" አሉ እማማ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ እንግዳ ሊቀበሉ እንደሆነ ሁሉ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "ያለውን ቃል እንዳለ ንገሪኝ። እንዳታሳምሪልኝ። ከተሳደበም ስድቡን ንገሪኝ፤ ከድምፁ ካላወቅኩት ከቃሉ አውቀዋለሁ።"

ዶሮዋ ከመኝታ ቤቱ ውስጥ ቁርር አለች። ሶረቲ አፏን ከፈተች። ይህን ልጅ አታውቀውም፤ እናቱን "እማዬ" ይበል "እናቴ" ይበል እንኳ አታውቅም።

"ምንም አላለም" አለች። "እሱ አይደለም እማማ። የቢሯችን ማሽን ነው። ወረቀት የሚልክ ማሽን አለን፤ እዚህ መጋዘኑ ጋ ሊደውል ሲል እርስዎ ጋ ይደውላል። ቁጥሩን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

እማማ እጃቸውን ዘርግተው እንደገና ትከሻዋን ያዙ፤ ጣቶቻቸው ጠበቁ።

"ማሽን" አሉ።

"አዎ።"

"ጢት የሚለው ማሽን ነው?"

"አዎ እማማ።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ማሽኑ ድምፅ ያሰማል፤ እርስዎ ሲናገሩ እሰማ ነበር። ማስተካከል ነበረብኝ። እናቴ ሞታብኝ... ጠዋት ጠዋት ድምፅዎን ለመድኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ አዳማ አልሄድም ሲሉ ነው..."

"አንቺ ጨካኝ!" ብላ ፀዲ ጮኸች። "አሮጊት ላይ እንዲህ ይቀለዳል? ውጪ! ውጪልኝ ከዚህ ቤት!"

እማማ እጃቸውን አነሱ።

"ሁሉንም ሰማሽ?" አሉ እማማ።

"ሁሉንም።"

"ስለ ጥርሴም?"

"ስለ ጥርስዎም።"

"ስለ አባቱ የነገርኩትን? ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩትን?"

"እሱንም።"

"ለማን አወራሽ?"

"ለማንም።"

በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ የእማማ ጉልበት ላይ ነበረች፤ ደመና መጣና ወሰዳት፣ ደግሞ መለሳት። ሁሉ ነገር ከሩቅ የሚታይ መሰለ፤ ሦስቱ ሴቶች፣ ሻንጣው፣ ስልኩ። ከዚያ ጥያቄውን ጠየቁ። ስልኩ መጮህ ከጀመረ ወዲህ መጠየቅ ያላስፈለጋቸው ጥያቄ ነው።

"ልጄስ ታዲያ?"

"አላውቅም እማማ።"

አለቀሱ። ድምፅ አልነበረውም፤ ከማያዩት ዓይኖች ውኃው ዝም ብሎ ይወርዳል። ፀዲ መጥታ ጭንቅላታቸውን ወደ ሆዷ አስጠጋች። እሷም አለቀሰች፤ የወንድሟን ነገር በእናቷ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር። ሶረቲ መነሳትም መቀመጥም አቅቷት እዚያው በጉልበቷ ቀረች።

ውጭ ጥሩምባ ተሰማ። መኪናው መጥቷል።

"በይ እማዬ" አለች ፀዲ አፍንጫዋን እየጠረገች። "እንሂድ። አሁንማ የምትጠብቂው ስልክ የለም።"

"እንዴት የለም?" አሉ እማማ። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ። "ጭራሽ አሁን ነው የማልሄደው። ያ እሱ ካልነበረ ገና አልደወለም ማለት ነዋ! ገና ይደውላል። እስካሁን ተደወለልኝ ብዬ ተዘናግቼ ኖሯል እንጂ።"

ፀዲ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። ጥሩምባው እንደገና ጮኸ፤ ጎረቤቷ አሰፋች ከአጥሩ በላይ "ኧረ ሾፌሩ ሊሄድ ነው!" ስትል ተሰማ።

ሶረቲ እውነቷን ይዛ እዚህ ድረስ መጥታ የባሰ አበላሸችው። ይህን ስታስብ አፈረች፤ ከዚያም በላይ ፈራች። እነዚህ ሴቶች በዚህ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ብርሃኑ ሲጠፋ ሊጠብቁ ነው? ስልኩን አየችው። ጥቁር ጠምዛዛ ሽቦው እጅ ብዙ ከመንካቱ የተነሳ ወዝቷል።

"እኔ ልጠብቀው" አለች።

"ምኑን?" አለች ፀዲ።

"ስልኩን። እስኪመለሱ ድረስ እዚህ እቀመጣለሁ። ቀንም ሌሊትም። ከተደወለ አነሳለሁ።"

"የማናውቃትን ሰው ቤታችን ውስጥ?"

"ማን አላት የማናውቃት?" አሉ እማማ። "እሷ እንኳ እኔን ከአንቺ የበለጠ ታውቀኛለች። አሰፋች እዚህ መጥታ አብራት ትደር።" ወደ ሶረቲ ፊታቸውን መለሱ። የሚያዩ ይመስሉ ነበር፤ ግን ትንሽ ከጎኗ ነበር የሚያዩት። "ይቅር አላልኩሽም ገና። እሱን ሳይሽ ነው የምነግርሽ።"

"እሺ እማማ።"

"የሌላ ሰው ድምፅ ሲሰማ ይዘጋል ብዬሻለሁ።"

"ታዲያ ቢደውል ምን ልበለው?"

እማማ አሰቡ። ፀዲ ደግፋ አስነሳቻቸው፤ በትራቸውን እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ምንም አትበዪው" አሉ። "ስሚው። እሱን ትችያለሽ።"

መኪናው ሲሄድ ሶረቲ ከበሩ ቆማ አየች። ጉሙ ሙሉ በሙሉ ተነስቷል፤ መንገዱ እስከ ስንዴው ጫፍ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ተመልሳ ገባችና በሞባይሏ ቢሮ ደወለች።

"አገኘሽው?" አሉ አቶ ነገሳ። "የመስመሩ ችግር ነው?"

"የእኔ ችግር ነው ጋሼ። ቁጥሩን ከክረምት ጀምሮ ተሳስቼዋለሁ። አንድም ቀን ኢተያ መጋዘን ደርሶ አያውቅም። ሄዷል ስልዎት ስዋሽዎ ነበር።"

አቶ ነገሳ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከማሽኑ አጠገብ ቆመው ታዩዋት።

"ከክረምት ጀምሮ" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ። ትክክለኛውን ልንገርዎ፣ ዛሬውኑ ይቀይሩት።" ነገረቻቸው። እየደገሙ ሲጽፉ ሰማች። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከዚያ ማሽን ውስጥ የሚያወራት ሰው የለም።

"ይህን ነገር ስትመጪ በሥርዓቱ እንነጋገርበታለን" አሉ አቶ ነገሳ። ድምፃቸው ከመቆጣት ይልቅ የተሰበረ ነበር። "መቼ ነው የምትመጪው? ነገ ትገቢያለሽ?"

"አልገባም።"

"ለምን? እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

ሶረቲ ወንበሩን ወደ ስልኩ ጠረጴዛ አስጠጋች።

"ስልክ እየጠበቅኩ ነው ጋሼ" አለችና ሞባይሏን አጠፋችው።